መቀሱን አትፍሪው

ነይ እህቴ፣ ቡናው እስኪፈላ ይቺን ጽጌረዳሽን አብረን እንያት። «እትዬ፣ ሞተችብኝ» ብለሽ ስትደውዪልኝ ደንግጬ ነበር። አልሞተችም። ቅርንጫፏን በጥፍርሽ ጫር አድርጊው፤ ከልጡ ሥር አረንጓዴ ወጣ አይደል? ደህና ናት።

አሁን ጠጋ ብለሽ ቅጠሏን እዪው። ጠርዙ የተበጣጠሰ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ዙሪያው ቢጫ። ይሄ ሻጋታ ነው፤ ቅጠል ለሰዓታት ረጥቦ ሲቆይ ይይዘዋል። ክረምቱን ሙሉ ዘንቦባታል፤ አንቺ ደግሞ ዝናቡ ባረፈበት ቀን ማታ ማታ በጎማ ከላይ ታጥቢያታለሽ። ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት፣ እግሯ ሥር ብቻ አጠጪ። የረገፈውን ቅጠል አንድ ሳይቀር ልቀሚና ከግቢ አውጪው፤ በሽታው ተመልሶ የሚነሳው ከሱ ነው። እንቡጧ አንገት ላይ የተደረደሩት አረንጓዴዎች ደግሞ ክሽክሽ ናቸው፤ በጣትሽ ጠርጊያቸው። መድኃኒት ለመርጨት አትቸኩዪ። ያቺ ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ክሽክሽ እየበላች የምታግዝሽ ናት፤ መርዙ እሷንም ይጨርሳታል።

አሁን መቀሱን አምጪው። እንደምትሳሺላት አውቃለሁ፤ እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። የመጀመሪያዋን ጽጌረዳዬን ሦስት ዓመት ብረት ሳላስነካ ነው ያሳደግኳት። ቁመቷ አጥሩን አለፈ፣ እግሯ ራቁቱን ቀረ፣ አበባዋም እላይ ወጥቶ የጎረቤት ሲሳይ ሆነ። አንድ ቀን ልጄ በኳስ ከወገቧ ሰበራት። አለቀስኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ከስብራቱ በታች ሦስት ቀያይ ቀንበጦች ወጡ፤ እያንዳንዱም ልክ አፍንጫዬ ጋ አበባ ያዘ። ጽጌረዳ አዲስ ቀንበጥ ላይ እንደምታብብ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ በደንብ ያዢው። መጀመሪያ የደረቀውን አውጪ፣ ከዚያ እርስ በርሱ የሚፋተገውን፣ ከዚያ የክብሪት እንጨት ያህል የቀጠነውን። ከቀረው ላይ ሲሶውን አሳጥሪ። የት ጋ እንደሚቆረጥ ላሳይሽ፤ ይቺ ቀላ ያለች፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ዓይን ወደ ውጭ ዞራለች አይደል? ከሷ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለሽ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ዘመም አድርገሽ ቁረጪ። ወደ ውስጥ የዞረች ዓይን ላይ ከቆረጥሽ ግን አዲሱ ቅርንጫፍ መሀሏን ያፍናታል፤ የታፈነችን ጽጌረዳ ደግሞ ሻጋታ አይለቃትም። አሁን መስከረም ሲጠባ ከከረከምሻት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ዘመነ ጽጌ ሳይወጣ ታብብልሻለች።

«ሌላስ ምን ልትከል?» ላልሽኝ፣ አበባ ሱቅ ባየሽው አትምረጪ። የሆለታና የዝዋይ እርሻዎች ወደ ውጭ የሚልኩት ጽጌረዳ ዘንጉ እንዲረዝም፣ መንገድ እንዲችል፣ ውሃ ውስጥ ብዙ እንዲቆይ የተመረጠ ነው፤ ብዙው ሽታ የለውም። ያንቺዋ ከደጅሽ አትርቅምና በአፍንጫሽ ምረጪ።

አንዷ በአንድ ዘንግ አንድ ትልቅ አበባ የምታወጣ ትሁን። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣችው ሚስተር ሊንከን ጥቁር ቀይ ናት፤ ሽታዋ ጠልቆ ይገባል። ፒስ ደግሞ ለስላሳ ቢጫ ሆና ጫፏ ሮዝ ይነካዋል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ሜያን ያዳቀላት ናት፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ በ1945፣ «ሰላም» ተብላ የተሰየመችው ለዚያ ነው። ሁለተኛዋ በዘለላ የምታብብ ትሁን፤ በ1958 ከጀርመን የወጣችው ነጯ አይስበርግ ሽታዋ ቀላል ቢሆንም ከአበባ የምትለይበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሦስተኛዋ አጥር ላይ የምትወጣ። የሷን ረጃጅም ቅርንጫፎች ወደ ላይ አትስደጃቸው፤ አጥሩ ላይ አጋድመሽ እሰሪያቸው። ቀጥ ካለ ጫፉ ብቻ ያብባል፤ ከተጋደመ ግን ከየዓይኑ ቀንበጥ ይነሳና አጥሩ ሙሉ ያብባል።

በጓሮ በኩል ቦታ ከተረፈሽ ደግሞ ቀጋ ትከዪ። ቀጋ እኮ የራሳችን የደጋ ጽጌረዳ ነው። ነጭ አበባው ባለ አምስት ቅጠል ነው፣ ሽታው መልካም፣ ፍሬው ሲበስል ቀይ። እረኞች የሚለቅሙት እሱን ነው፤ ውስጡ ያለው ፀጉር ጉሮሮ ስለሚበላ ጠርገሽ ብዪው። እሾሁም አጥርሽን ይጠብቅልሻል።

ሁሉንም በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ላይ ትከያቸው። ያንቺ ግቢ መረሬ ነው፣ ውሃ ይይዛል፤ ስለዚህ መደቡን ከፍ አድርጊው፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዪበት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

ቆይ፣ የቆረጥሻቸውን አትጣያቸው! ከመሀላቸው ጤነኛውንና እርሳስ የሚያህለውን ለዪ። በ20 ሳንቲ ሜትር እየቆረጥሽ፣ ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ አስቀሪና ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ቅበሪው። ጥላ ሥር ይሁን፤ አፈሩ እርጥበት አይለየው፣ ግን አይጨቅይ። ሥር እስኪይዝ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ነው፤ ያዘ አልያዘ እያልሽ አትንቀዪው። አንዱን ለራስሽ ትከዪና ሌላውን ለጎረቤትሽ ስጫት። ያንቺዋ አንድ ክፉ ክረምት ቢወስዳት፣ ቅርንጫፍ የምትለምኚው ከሷ ነው።