ሰው በተፈጥሮው ክፉ ነውን?

የእንግሊዙ ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ፥ በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፥ በ1651 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «ሌዋታን» በተባለው መጽሐፉ፥ ሰው ኃይለኛ መንግሥት ከሌለው እርስ በርሱ ይፋጃል አለ። ዣን ዣክ ሩሶ ግን በ1755 ባወጣው ድርሰቱ፥ ሰው በተፈጥሮው ርኅሩኅ ነው፤ ያበላሸው ማኅበራዊ ኑሮና የግል ሀብት ያመጣው አለመተካከል ነው ሲል ጻፈ።

ከሁለቱ ማን እውነት አለው? የሠፈራችንን ዕድር እንመልከት። ጎረቤት ለጎረቤቱ ሐዘን የሚደርሰው ዘበኛ አስገድዶት አይደለም፤ ይህ ለሩሶ ይመሰክራል። ነገር ግን ዕድሩ የቀረውን ይቀጣል፥ መዋጮውንም በመዝገብ ይይዛል፤ ይህ ደግሞ ለሆብስ ይመሰክራል። ሆኖም ቅጣቱን ማንም አይጠላውም፤ ደንቡን ያወጡት አባሎቹ ራሳቸው ናቸውና። እንግዲህ ስለ ሕግ ስንከራከር «ሰው ክፉ ነው ወይስ ደግ?» ከማለት አልፈን፥ «ሕጉን ማን አወጣው?» ብለን እንጠይቅ።