ስላረጀ ፈረስ አደራ

በአገራችን ለፈረስ የተሰጠው ክብር ጥቂት አይደለም። ነገሥታቶቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። በአዊ ምድርም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፥ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የዋሉትን ፈረሶች ውለታ እያሰበ በየዓመቱ በጥር ወር በዓሉን ያከብራል። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ክብር ለፈረሱ የሚሰጠው ጕልበት ሳለው ነው። ጕልበቱ ካለቀ በኋላ ስንቱ የጋሪ ፈረስ ከከተማ ዳር በአውራ ጎዳና ተጥሎ፥ ቀን በመኪና ሲገፋ ሌሊት የጅብ ሲሳይ ይሆናል!

እንግዲህ ያረጀ ፈረስና ሥራ ያጣ ድንክ ፈረስ ያለው ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚገባው እንመልከት። አንድ ሰው 20 ዓመት ያለፈው ፈረስና ልጁ ግልቢያ የተማረበት ድንክ ፈረስ አለው እንበል። ፈረሱ ኮርቻ መሸከም አልቻለም፤ ልጁም አድጎ ለትምህርት ወደ ከተማ ሄዷል። ባለቤቱም «ሁለቱም ይበላሉ እንጂ አይሠሩም» እያለ ያዝናል፤ «ልውሰዳቸው» ለሚለው ለመጀመሪያው መንገደኛም ሊሰጣቸው ያስባል። ይህ ሰው ከመቸኰሉ አስቀድሞ ሦስት ነገር ማወቅ ይገባዋል።

1ኛ። የሁለቱ ፍላጎት አንድ አይደለም። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ እየወጣ እየተፋቀ የሚኖር ነው፤ በእርጅናው ጊዜ ግን ጫፉ ይሾላል፥ ይነቃነቃል፥ ይወልቃልም። ድርቆሹን በአፉ ጠቅልሎ የሚጥል ሽማግሌ ፈረስ ጠግቦ አይደለም፤ ማኘክ አቅቶት ነው። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ ሐኪም ጥርሱን ያይለት፥ የሾለውንም ይሞርድለት፤ ድርቆሹም በአጭሩ ተቈርጦ፥ ፉርሽካውም በውኃ ርሶ ይቅረብለት። የክረምት ጠጕሩ ክሳቱን ይሸፍናልና በዓይንህ አትመን፤ በየሳምንቱ የጎድን አጥንቱን በእጅህ ዳስስ።

ድንኩ ግን በጥቂት መኖ ይሰባል። ሥራ ፈትቶ ለምለም ሣርና ገብስ ሲበዛለት፥ በሰኮናው ውስጥ ያለው ሥጋ ይታመምና መቆም እንኳ ያቅተዋል። እንግዲህ አንዱን የሚያድነው መኖ ሌላውን ይጎዳዋል። በምግብ ጊዜ ለየብቻ እሰራቸው፤ ድንኩንም በየቀኑ አንቀሳቅሰው። የሁለቱም ሰኮና በየ6 እስከ 8 ሳምንት ይከርከም። ከምግብ ጊዜ በቀር ግን አትለያያቸው፤ ፈረስ በመንጋ የሚኖር ፍጥረት ነውና፥ ብቻውን የቀረ እንደ ሆነ ይጨነቃል፥ መብላትም ሊተው ይችላል።

2ኛ። ልታኖራቸው ካልቻልህ አደራ ስጥ እንጂ አትጣል። ለድንኩ ልጆች ያሉት፥ ግልቢያም የሚያውቅ ቤተ ሰብ ፈልግ፤ ለሽማግሌው የግጦሽ ቦታና ጓደኛ የሚሆነው ሌላ ፈረስ ያለበትን ቤት ፈልግ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሁለቱን አብሮ የሚቀበል ነው። የተቀባዩን ቃል ብቻ አትስማ፤ ሳይጠብቅህ ሂድና በበረቱ ያሉትን ከብቶች እይ፤ ጀርባቸው የቈሰለ፥ የውኃ ገንዳቸው የደረቀ ከሆነ ተመለስ። የታመነ ሰው ባገኘህ ጊዜ በምስክር ፊት ውል ጻፉ፤ የመኖውንና የሐኪሙን ዋጋ ማን እንደሚከፍል፥ ሽማግሌው ጭነትና ጋሪ እንዳይነካው፥ ያለ ፈቃድህ እንዳይሸጥ፥ ተቀባዩም ቢቸገር ወደ አንተ እንዲመልሰው ይጻፍ። ከዚያም በኋላ እየሄድህ ጠይቅ፤ ባለቤቱ የማይጠይቀው አደራ ይረሳልና።

ይህን ባለማድረግ የደረሰውን ስማ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1918 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባበቃ ጊዜ የእንግሊዝ ሠራዊት በግብፅ የነበሩትን ብዙ ፈረሶች እዚያው ሸጠ። ዶሮቲ ብሩክ የተባለች እንግሊዛዊት በ1930 ወደ ካይሮ በመጣች ጊዜ፥ እነዚያ የጦር ፈረሶች አጥንታቸው ወጥቶ፥ አንካሳም ሆነው ሸክም ሲጎትቱ አገኘቻቸው። በ1931 ለአገሯ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች፤ ሰዎችም በላኩላት ገንዘብ 5,000 ያህል ገዛች። አብዛኞቹ ግን ከመዳን አልፈው ነበርና ጥቂት ካረፉ በኋላ ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ ተደረገ። በ1934ም በካይሮ የድኾችን የሥራ እንስሳት በነጻ የሚያክም ሆስፒታል ከፈተች። እንግዲህ ፈረስን ሸጦ ዋጋውን መቀበል እንዴት ቀላል እንደ ሆነ፥ ከብዙ ዓመት በኋላ ያንን ስሕተት ማረም ግን እንዴት እንደሚከብድ አስተውል።

3ኛ። ፍጻሜውን አትፍራ። ፈረሱ ከተኛበት መነሣት ሲያቅተው፥ መኖም ሲከለከል፥ ሐኪሙም መድኃኒት የለውም ሲል፥ በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ ማሳረፍ ጭካኔ አይደለም። ጭካኔስ «እኔ በእጄ አልገድለውም» ብሎ ሜዳ ላይ ለጅብ መተው ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው እጁን ያነጻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሞቱን ለራሱ ሰውሮ ለፈረሱ አስረዘመበት እንጂ አላስቀረለትም።

ወንድሜ ሆይ፤ በኦሪት የሰንበት ዕረፍት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለከብትም እንደ ተሰጠ ታውቃለህ። ፈረስህ ዕረፍቱን በአንደበቱ አይለምንም፤ ውል አይጽፍም፥ ዳኛም አይጠራም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወደ በረትህ ግባና የሽማግሌውን ጎድን ዳስስ፤ ከዚያም «በጕልበቱ ዘመን ተሸክሞኝ ነበር፤ አሁን እኔ ለማን አደራ እሰጠዋለሁ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። መልሱን ሳታገኝ ገመዱን ለማንም አትስጥ።