እበቱ እሳትም ፍግም ይሁን
የሳይንስና የሒሳብ ትምህርት ስለ ማገዶ



ማንበብ ችላችኋል። ቁጥርም ታውቃላችሁ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ዓላማው ሦስት ነገር ነበር፤ ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት። ዛሬ ሦስቱንም ይዘን ወደ ምድጃ እንሄዳለን። ተማሪ ልጅ ያላችሁ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና አብራችሁ አንብቡ። ልጁ በትምህርት ቤት የሚማረውን ሳይንስና ሒሳብ እዚሁ ቤታችሁ ውስጥ እንሠራበታለን።

1. ማገዶና ማሳ ምን አገናኛቸው?

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ከዓባይ ድልድይ ወዲህ፣ በቢቸናና በሞጣ አገር የሚኖር ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። ክረምት ሲገባ ከጮቄ የሚወርዱት ወንዞች ደፍርሰው ዓባይ ይገባሉ። ዓባይ ይዞ የሚሄደው ታዲያ ግንድ ብቻ አይደለም፤ አፈርም ነው።

ነገሩን በተራ እንየው። ዛፍ ሲመነጠር እንጨት ይጠፋል። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል። ኩበት ሲነድ ማሳው ፍግ ያጣል። ፍግ ያጣ አፈር ይላላል። የላላውን አፈር ጎርፍ ቶሎ ያነሣዋል። ስለዚህ የምድጃው ጉዳይ የማሳውም ጉዳይ ነው።

2. የመጀመሪያው ሒሳብ፦ ስንት ኩበት ነደደ?

አንድ ቤት በቀን 5 ኪሎ ደረቅ ኩበት ያነዳል እንበል። የእናንተ ቤት ከዚህ ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል። የአንድ ቀኑን ኩበት በጆንያ አድርጋችሁ በወፍጮ ቤት ሚዛን መዝኑት።

5 ኪሎ × 365 ቀን = 1825 ኪሎ።

100 ኪሎ 1 ኩንታል ነው። እንግዲህ ቤቱ በዓመት 18 ኩንታል ከ25 ኪሎ ኩበት ያነዳል ማለት ነው።

አሁን ሳይንሱን እንጨምር። ሰብል እንዲለመልም ናይትሮጅን የሚባል ምግብ ያስፈልገዋል። ዩሪያ የምንገዛውም ለዚሁ ነው። በ100 ኪሎ ደረቅ ኩበት ውስጥ በግምት 1 ኪሎ ተኩል ናይትሮጅን አለ። እንደ ከብቱ መኖ ከፍና ዝቅ ይላል። ኩበቱ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል። አመዱ ከንቱ አይደለም፤ ሌሎች ማዕድናት ይቀሩበታል። ናይትሮጅኑ ግን ሄዷል።

18 ኩንታል × 1.5 ኪሎ = 27 ኪሎ ናይትሮጅን።

በ1 ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 46 ኪሎ ነው። የ46 እኩሌታ 23 ነው። 27 ደግሞ ከ23 ይበልጣል። ስለዚህ ይህ ቤት በዓመት ከግማሽ ኩንታል ዩሪያ የሚበልጥ የማሳ ምግብ በምድጃው ያነዳል። ዩሪያ ለመግዛት ገንዘብ ሲፈለግ፣ እቤት ያለው ደግሞ ጢስ ሆኖ ይሄዳል። በበሬ ደክመን፣ በከብት ደክመን፣ ምርቱን በገዛ እጃችን ማንደድ አይሆንም እንዴ?

3. ሁለተኛው ሒሳብ፦ የልጅቱ ሰዓት

ጭራሮና ኩበት የሚለቅመው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ እናትና ሴት ልጅ ናቸው። አንዲት ተማሪ በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑ 2 ሰዓት ማገዶ ትለቅማለች እንበል።

3 × 2 = 6 ሰዓት በሳምንት።
6 ሰዓት × 40 የትምህርት ሳምንት = 240 ሰዓት በዓመት።

ትምህርቱ በፈረቃ ሆኖ በቀን 4 ሰዓት ቢሆን፣ 240 ÷ 4 = 60። ልጅቱ በማገዶ ለቀማ የምታጠፋው ጊዜ የ60 ቀን ትምህርት ያህላል። ከክፍል ባትቀር እንኳ ደብተሯን የምትገልጥበት ሰዓት ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ የምድጃው ጢስ የእናትን ዓይንና የሕፃኑን ሳንባ ይጎዳል።

4. ሳይንሱ፦ እሳት ከእበት እንዴት ይወጣል?

እበት ሳይደርቅና ሳይነድ እሳት ይሰጣል። ይህ እውነት ነው። እንዴት?

በእበት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ሕዋሳት አሉ። ባክቴሪያ ይባላሉ። እበቱ በውኃ ተበጥብጦ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ሲቀመጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ጠላ በጋን ውስጥ ሲብላላ አረፋ የሚያወጣውን አስቡ። እበቱም እንደዚያው ሲብላላ አየር የሚመስል ነገር ያወጣል። ባዮጋዝ የሚባለው ይህ ነው።

ከባዮጋዙ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ሜቴን ነው። የሚነደው እሱ ነው። ሜቴን የተሠራው ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን የለበትም። እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እሳቱ በቧንቧ ወደ ምድጃ ሲሄድ የማሳው ምግብ በጉድጓዱ ዝቃጭ ውስጥ ይቀራል። ዝቃጩ ወደ ማሳ ይሄዳል። ከአንዱ እበት እሳትም ፍግም ይገኛል። ኩበት ግን አንዱን ሲሰጥ ሌላውን ይነሣል።

5. ተማሪዎች የሚሠሩት ሙከራ

ይህን በወሬ ብቻ አትመኑ። ልጆቻችሁ ይሥሩና እዩት።

ሀ. ሁለት ባዶ የላስቲክ ውኃ መያዣ (ሃይላንድ) አምጡ። የብርጭቆ ጠርሙስ አይሁን፤ ሊፈነዳ ይችላል።
ለ. በአንደኛው ውስጥ ትኩስ እበትና ውኃ እኩል በእኩል በጥብጣችሁ እስከ ግማሹ ሙሉት። በሁለተኛው ውስጥ ውኃ ብቻ እስከ ግማሹ ሙሉ።
ሐ. በሁለቱም አፍ ላይ ፊኛ አልብሳችሁ በክር እሰሩ። በክዳኑ አትድፈኑት።
መ. ሁለቱንም ሙቀት ባለበት ቦታ፣ ከእሳት አርቃችሁ አስቀምጡ። በየቀኑ እዩና የሆነውን በደብተር ጻፉ።

ከቀናት በኋላ የእበቱ ፊኛ መነፋት ይጀምራል። ብርድ ካለ ሁለት ሳምንትም ሊወስድ ይችላል። የውኃው ፊኛ እንደተኛ ይቀራል። ሁለተኛው ለምን አስፈለገ? ጋዙ የመጣው ከእበቱ እንጂ ከውኃው ወይም ከላስቲኩ እንዳልሆነ እንድናውቅ ነው። ሳይንስ ማለት እንዲህ አስተያይቶ ማወቅ ነው። ፊኛውን ወደ እሳት አታቅርቡ።

6. ሦስተኛው ሒሳብ፦ ስንት ከብት፣ ስንት ውኃ?

በአገራችን ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ነው። ማብላያ ጉድጓድ የሚሠራው በሠለጠነ ግንበኛ ነው። ከግንበኛው በፊት ግን ሒሳቡን እኛው እናስላ።

ቀን በግጦሽ ውሎ ማታ በረት ከሚገባ አንድ ከብት በግምት 5 ኪሎ እበት ይሰበሰባል።

4 ከብት × 5 ኪሎ = 20 ኪሎ እበት በቀን።

ለ20 ኪሎ እበት 20 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። ይህ አንድ ጀሪካን ነው። ከ1 ኪሎ እበት ወደ 35 ሊትር ጋዝ ይገኛል።

20 × 35 = 700 ሊትር ጋዝ በቀን።

አንድ የጋዝ ምድጃ በሰዓት ወደ 350 ሊትር ይፈጃል።

700 ÷ 350 = 2 ሰዓት።

የ2 ሰዓት እሳት ወጥ ይሠራል፣ ቡና ያፈላል።

ጉድጓዱስ ምን ያህል ይሁን? በቀን 20 ኪሎ እበትና 20 ሊትር ውኃ ሲደመር 40 ሊትር ያህል ይሆናል። እንደ ቢቸናና ሞጣ ባለ ደጋ አገር ለመብላላት ቢያንስ 50 ቀን ይስጡት።

40 × 50 = 2000 ሊትር።

ወርዱ፣ ቁመቱና ጥልቀቱ አንድ አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ 1000 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ ለብጥብጡ ብቻ የሁለት እንደዚህ ያለ ጉድጓድ ቦታ ያስፈልጋል። ለጋዙም በላይ ቦታ ስለሚተው ማብላያው ከዚህ ይሰፋል።

7. ባዮጋዝ የማይሆንለት

እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ውኃ ሩቅ ከሆነ ባዮጋዝ አያዋጣም፤ የማገዶው ሸክም ወደ ውኃ ሸክም ይዞራል። በብርድ ወራት ጋዙ ይቀንሳል። ጉድጓዱ በየቀኑ ካልተመገበ ሥራ ያቆማል። የ2 ሰዓት ጋዝ ለእንጀራ ምጣድም አይበቃም። በብዙ ቤት ደግሞ ከማገዶው ከግማሽ የሚበልጠውን የሚፈጀው እንጀራ ነው።

ለእንጀራ የሚረዳው ምርጥ ምድጃ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ይሠራል። እሳቱን ዙሪያውን አጥሮ ይይዘዋል። በሦስት ጉልቻ ላይ ነፋስ የሚወስደው ሙቀት ምጣዱን ያገኛል። በዚህ ምክንያት ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። አራት ከብት የሌለው ሰው ከዚህ ይጀምር። የተረፈውን እበት ከገለባና ከቅጠል ጋር አብስብሶ ወደ ማሳ ያውጣ።

ባዮጋዝ ያላችሁ ደግሞ ይህን አትርሱ፦ መጀመሪያ ክብሪቱን ጫሩ፣ ከዚያ ቧንቧውን ክፈቱ። ጋዝ ከሸተታችሁ እሳት አትጫሩ፤ ቧንቧውን ዝጉና በርና መስኮት ክፈቱ።

8. መልመጃ

ሀ. አንዲት እማወራ 6 ከብት አላት። በቀን ስንት ኪሎ እበት ትሰበስባለች? ስንት ሊትር ጋዝ ታገኛለች? ስንት ሰዓት ትሠራበታለች?
ለ. በሦስት ጉልቻ በወር 8 ሸክም እንጨት ለእንጀራ የሚፈጅ ቤት በምርጥ ምድጃ ግማሹን ቢቆጥብ፣ በዓመት ስንት ሸክም ይተርፈዋል?
ሐ. የቤታችሁን ኩበት መዝናችሁ የዓመቱን አስሉ። ለጎረቤት አንብቡ።

መልስ፦ ሀ. 30 ኪሎ፣ 1050 ሊትር፣ 3 ሰዓት። ለ. 4 × 12 = 48 ሸክም። ሐ. የየቤቱ መልስ ለየብቻ ነው።

የዛሬ ቃላት
እበት፦ ትኩስ የከብት ጉድፍ።
ኩበት፦ ተጠፍጥፎ የደረቀ እበት።
ፍግ፦ ማሳ የሚያዳብር እበት።
ማብላያ፦ እበት አየር ሳያገኝ የሚብላላበት ጉድጓድ።
ዝቃጭ፦ ጋዙ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ብጥብጥ።

አፈራችንን ዓባይ ከወሰደው አይመልስልንም። በምድጃ የሚነደውን ፍግ ማስቀረት ግን በእጃችን ነው። በዚህ ሳምንት ኩበቱን መዝኑ፤ ቁጥሩን ልጃችሁ ይጻፍ።