አላፊውን ከነዋሪው መለየት፦ የአዳኝና የጥንብ በል አእዋፍ የበልግ ቆጠራ በኮልፌ ቀራንዮ

መግቢያ

በየዓመቱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት፣ የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው በአፍሪካ የቆዩ ንስሮች፣ ጭላቶችና ጭልፊቶች ወደ እስያና ወደ አውሮፓ መራቢያዎቻቸው ይመለሳሉ። ኢትዮጵያን ጨምሮ 11 አገሮችን የሚያካልለው የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር የፍልሰት መሥመር 37 ዝርያዎችንና ከ1.5 ሚሊዮን በላይ አእዋፍን እንደሚያስተናግድ ይገመታል። ከአንድ ከፍታ ላይ ሆኖ እነዚህን አእዋፍ መቁጠር ቀላል ሥራ ይመስላል። በኮልፌ ቀራንዮ ሰማይ ሥር ግን አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ከላይ የሚያንዣብበው ወፍ መንገደኛ ነው ወይስ የቆሻሻ ክምር ያኖረው ነዋሪ? ሁለቱን ሳይለይ የተገኘ ቁጥር ስለ ፍልሰቱም ሆነ ስለ ነዋሪዎቹ አስተማማኝ መረጃ ሊሆን አይችልም።

የበልግ ቆጠራ ለምን?

በአፍሪካ ቀንድ ስለሚያልፉ አዳኝ አእዋፍ ጎልቶ የሚጠቀሰው ቆጠራ በጉዞው መልስ ላይ ሳይሆን በመምጫው ወቅት የተካሄደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በጥቅምትና በኅዳር ወራት በጅቡቲ፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል ሲሻገሩ የተቆጠሩት ከ246 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ ከ76 ሺህ በላይ የሚሆኑት የስቴፕ ንስሮች ነበሩ። በመመለሻው ጉዞ ግን የስቴፕ ንስሮች በአብዛኛው ይህን መሻገሪያ ትተው በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ ወደ ስዊዝና ወደ ሲና ያቀናሉ። ስለዚህ የጅቡቲው አኃዝ የበልጉን ጉዞ ሊተካ አይችልም፤ በደጋው ላይ የሚደረግ የበልግ ቆጠራ ዋጋም ከዚህ ይመነጫል። ሆኖም ባሕር አእዋፉን ወደ ጠባብ በር በሚገፋባቸው ቦታዎች የሚታየው ዓይነት ብዛት በአዲስ አበባ ምዕራብ ሊጠበቅ አይገባም። በደጋው ላይ አእዋፉ በሰፊው ተበታትነው ይጓዛሉና።

የቦታው ባሕርይ

ክፍለ ከተማው በሰሜን ወደ እንጦጦ ተዳፋት ይወጣል፤ የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም በዚሁ አቅጣጫ ይገኛል። በምዕራብ በኩል የወጨጫ ተራራ ይታያል። በደቡብ በረጲ አካባቢ፣ ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ የተቀበለው ቆሼ አለ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጨው ጣቢያ በስፍራው ተመርቋል። የሰው ሕይወት የተመሠረተበትና የጠፋበት ይህ ስፍራ ለጭላቶችና ለጥንብ አንሳዎች የምግብ ምንጭ ነው። የቆሻሻው አያያዝ ሲለወጥ የአእዋፉ ቁጥርም መለወጡ አይቀርም፤ ይህን ያላገናዘበ ቆጣሪ የምግብን መቀነስ የዝርያ መመናመን አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል። ተቃራኒው ስሕተትም እኩል አደገኛ ነው፤ በክምሩ ላይ የተሰበሰበ ብዙ ወፍ በሌላ ስፍራ የደረሰውን መመናመን ይሸፍናል።

የመለያ ስልቶች

የመጀመሪያው መለያ ሰዓት ነው። ነዋሪ ጭላቶች ማለዳ ከማደሪያ ዛፎቻቸው ወደ ምግብ ይሄዳሉ፤ ማታም ይመለሳሉ። ተንሳፋፊ መንገደኞች ግን ምድር ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መውጣት እስኪጀምር ይጠብቃሉ።

ሁለተኛው አቅጣጫ ነው። በሞቃት አየር ላይ እየዞረ የሚወጣ መንጋ መቆጠር ያለበት ሲዞር ሳይሆን፣ ከፍታውን ጨርሶ በአንድ መሥመር ሲንሸራተት ነው። አስቀድሞ የተወሰነ ምናባዊ መሥመርን ወደ ሰሜን ያቋረጠ ይመዘገባል፤ የተመለሰ ይቀነሳል።

ሦስተኛው የአካል ምልክት ነው። የአፍሪካው ጭላት ጎልማሳ መንቁሩ ቢጫ ሲሆን፣ ከሰሜን የሚመጣው ጥቁር ጭላት መንቁሩ ጥቁር ነው። የአፍሪካው ታዳጊ መንቁር ገና ያልቀላ በመሆኑ ግን ምልክቱ ብቻውን አይበቃም።

አራተኛው በአንድ ጊዜ ከሁለት ቦታ መቁጠር ነው፤ አንደኛው ጣቢያ በሰሜኑ ተዳፋት፣ ሁለተኛው በረጲ። በረጲ ብቻ የሚደጋገመው ነዋሪ ወይም ለምግብ የቆየ እንግዳ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የስቴፕ ንስር ከቆሻሻ ስለሚመገብ፣ «ለጊዜው የቆየ» የሚል ሦስተኛ መደብ በመዝገቡ ላይ ያስፈልጋል። የቆጠራው ሰዓት፣ የደመናውና የነፋሱ ሁኔታም አብሮ ካልተጻፈ፣ የአንዱን ዓመት ውጤት ከሌላው ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

መደምደሚያ

ባለ ቆብ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ2015 በከፋ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ተመድቧል፤ የስቴፕ ንስርም በዚያው ዓመት ለመጥፋት ከተቃረቡት ጋር ተቆጥሯል። በሕንድ፣ በኬኦላዴኦ ብሔራዊ ፓርክ የነጭ ጀርባ ጥንብ አንሳዎች ከ95 በመቶ በላይ መመናመናቸው የታወቀው በ1980ዎቹ የተካሄደ ቆጠራ ለማነጻጸሪያ ስለነበረ ነው። መንስኤው ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት መሆኑ የተረጋገጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ያን ጊዜ አብዛኞቹ አእዋፍ አልቀዋል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። መነሻ አኃዝ የሚያዘው ወፉ ገና በብዛት ሳለ ነው፤ አኃዙም ጥቅም የሚሰጠው ማን እንደተቆጠረ ሲታወቅ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ የሚጀመር ቆጠራም ከሁሉ በፊት አላፊውንና ነዋሪውን በተለያየ ዓምድ መመዝገብ ይኖርበታል።