ከጣራ የሚወርድ ውኃ

እንቆቅልህ! ምን አውቅልህ? ዝናብ በላዩ እየዘነበ በጥም የሚደርቅ ምንድር ነው?

ልጆች ሆይ፥ መልሱን ከማንበባችሁ በፊት ጥቂት አስቡ። ነገሩ ተረት ብቻ አይደለም፤ እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው።

በትምህርት ቤታችን ጓሮ አንዲት ትንሽ የተክል ቤት አለች። ግድግዳዋና ጣራዋ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ የተሸፈነ ነው። እንዲህ ያለው ቤት የሚሠራው በረዶ ቅጠሉን እንዳይመታው፥ የኅዳር ውርጭም እንዳያቃጥለው ነው። የፀሐይ ብርሃን ግን በላስቲኩ አልፎ ይገባል፤ ቤቱንም ያሞቀዋል። በውስጧ ጎመንና ሰላጣ፥ ቲማቲምም ተክለን ነበር። ነገር ግን በረዶን የሚከለክል ጣራ ዝናብንም ይከለክላል። ስለዚህ በዚያች ቤት ያለ ተክል በክረምት እንኳ ቢሆን የሚያጠጣው ሰው ካላገኘ ይደርቃል። የእንቆቅልሹ መልስ ይህ ነው።

ተክሉን ማጠጣት የተማሪዎች ተራ ነበረ። በሰኔ ወር አንዲት ተማሪ ተራዋ በደረሰበት ቀን ትምህርት ከተጀመረ በኋላ መጣች። ልብሷ ርሶ፥ እግሯም በጭቃ ተለውሶ ነበር። እኔም ምክንያቱን ሳልጠይቅ በጓደኞችዋ ፊት ገሠጽኋት፤ ከበሩ አጠገብም አቆምኋት። እርስዋ ግን ዝም አለች።

በዕረፍት ጊዜ ወደ ጓሮ ብወጣ እንስራዋን ከተክል ቤቱ ደጃፍ አገኘሁት። ለካስ ዝናብ እየደበደባት ከወንዝ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ውኃ ስትሸከም ኖራለች። በዚያው ሰዓት ከተክል ቤቱ ጣራ የሚወርደው ዝናብ መሬቱን እየቦረቦረ ወደዚያው ወንዝ ይፈስ ነበር። ልጅቱ ከወንዝ ወደ ላይ ታመጣለች፤ ውኃው ከጣራ ወደ ወንዝ ይሄዳል።

ይህን ባየሁ ጊዜ አፈርሁ። በሁሉ ፊት ገሥጫት ነበርና በሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያም «ልጄ ሆይ፥ ምን ብናደርግ ይሻላል?» አልኋት። እርስዋም «የኔታ፥ ከጣራው የሚወርደውን ብንቀበለው ኖሮ እኔ ወንዝ ባልወረድሁም ነበር» ብላ መለሰች።

በዚያን ቀን የሒሳብ ትምህርታችን ይህ ሆነ። በ1 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። የተክል ቤቱ ርዝመት 6 ሜትር፥ ወርዱም 5 ሜትር ነው፤ ስፋቱ እንግዲህ 30 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ቢዘንብ በጣራው ላይ 300 ሊትር ይወርዳል። የሚረጨውንና የሚባክነውን 60 ሊትር ነው ብንል 240 ሊትር ይቀራል። መደቡ በአንድ ጊዜ የሚጠጣው 60 ሊትር ነው፤ ይኸውም 20 ሊትር በሚይዝ እንስራ 3 እንስራ ማለት ነው። እንግዲህ የአንድ ቀን ዝናብ መደቡን 4 ጊዜ ያጠጣል፤ ከልጆችም ጀርባ 12 ሸክም ያወርዳል። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ይመዝናልና፥ እያንዳንዱ ሸክም የእንስራው ክብደት ሳይቆጠር 20 ኪሎ ነው።

ከሒሳቡ በኋላ ወደ ሥራው ገባን። ከቆርቆሮ አሸንዳ አጥፈን በጣራው ጠርዝ ሁሉ አሰርን፤ ውኃው እንዳይቆም ወደ አንድ ወገን ጥቂት አዘነበልነው። ከአሸንዳው ጫፍ ሥር እያንዳንዳቸው 200 ሊትር የሚይዙ ሁለት በርሜሎች አኖርን። ቀድሞ ዘይት ወይም መርዝ የነበረበትን በርሜል አልተቀበልንም። የሞላ በርሜል ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናልና፥ እንዳይወድቅ መሠረቱን በድንጋይ አጸናነው። በርሜሉ ከመሬት ከፍ በማለቱም ከቧንቧው ሥር ባልዲ ማግባት ተቻለ። ቅጠል እንዳይገባ በአፉ ላይ ወንፊት፥ በላዩም ክዳን አደረግን። ክዳን የሌለው ውኃ የቢንቢ መራቢያ ይሆናል፤ ለሕፃናትም አደጋ ነው። ከበጋ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ እርሱን ወደ ውጭ እናፈስሰዋለን። ከበርሜሉ የሚተርፈውንም በቦይ ወደ ኮኩ ዛፍ ሥር መራነው። ይህ ውኃ ለተክል እንጂ ለመጠጥ አይደለም፤ ይህን አትርሱ።

በርሜል ግን ወንዝ አይደለም። በየ2 ቀኑ ብናጠጣ 400 ሊትር ከ6 ጊዜ በላይ አይበቃም፤ ዝናብ ከቆመ በኋላ ከ12 ቀን ብዙ አያልፍም። ስለዚህ ውኃውን ማለዳ በልክ እናጠጣለን፤ እርጥበቱም ቶሎ እንዳይጠፋ መደቡን በደረቅ ሣር እንጎዘጉዛለን። ክረምቱ ሲያልፍ እንደ ገና ወንዝ መውረዳችን አልቀረም። ነገር ግን በዝናብ ቀን ውኃ የሚሸከም ልጅ ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤታችን አልታየም።

ይህ ብልሃት ከሩቅም ከቅርብም የታወቀ ነው። በሆላንድ አገር በመስተዋት ቤት አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች ከጣራው የሚወርደውን ዝናብ በኩሬ ያጠራቅማሉ። በአገራችንም በትግራይ ያለው የደብረ ዳሞ ገዳም በገመድ ተስቦ በሚወጣበት አምባ ላይ ነው። በዚያ ያሉ መነኮሳት ከጥንት ጀምሮ የዝናቡን ውኃ የሚያጠራቅሙት ከዓለት በተፈለፈለ ጕድጓድ ነው። ዝናቡ ከሌላው ስፍራ በልጦ ስለ ዘነበላቸው አይደለም፤ የወረደውን ስለ ተቀበሉት ነው እንጂ።

አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ። እኛም በደጃችን የሚወርደውን ንቀን ከሩቅ ስንቀዳ ኖርን። ልጆች ሆይ፥ ዝናብ ለሁሉ ይዘንባል፤ ውኃ የሚያገኝ ግን ዕቃውን አስቀድሞ ያዘጋጀ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ተማርሁ፤ በሰው ላይ ከመፍረድ በፊት መጠየቅ ይገባል። ያች ልጅ ስትገሠጽ ዝም ባለች ጊዜ ጠይቄያት ቢሆን፥ ብልሃቱን በዚያው ሰዓት በነገረችኝ ነበር።

ጥያቄ።
1. በተክል ቤት ያለ ተክል በክረምት ለምን ይጠማል?
2. በርሜሉ ክዳን ባይኖረው ምን ጉዳት ይመጣል?
3. የቤታችሁ ጣራ ስፋት 40 ካሬ ሜትር ቢሆን፥ 10 ሚሊሜትር ዝናብ በላዩ ስንት ሊትር ያወርዳል?
4. አስተማሪው ልጅቱን ይቅርታ መጠየቁ ስለ ምንድር ነው?