በቤት ውስጥ የሚወስነው ማን ነው?
ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች የተዘጋጀ የጤና ትምህርት



በሽተኛን ለማዳን ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ መድኃኒትና ውሳኔ። በዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል ቢኖርም፥ በቤት ውስጥ «እንሂድ» የሚል ሰው ካልተገኘ ሕክምናው ለበሽተኛው አይደርሰውም። ስለዚህ መንግሥት ይህን የቤት ውስጥ ውሳኔ እንዴት እንደሚያጠና፥ ጥናቱም ምን እንደሚጠቅም በዚህ ወር እንመለከታለን።

1ኛ፤ ውሳኔ ለምን ይጠናል?

በ1986 ዓ.ም. ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች ወላድን ለሞት የሚያደርሱትን መዘግየቶች በሦስት ከፈሏቸው። እነዚህም ለመሄድ በመወሰን መዘግየት፥ በመንገድ መዘግየት፥ ከደረሱም በኋላ ሕክምና በማግኘት መዘግየት ናቸው። በጀማና በወንጪት ወንዞች መካከል ለምንኖር ለመርሐቤቴ ሰዎች ሁለተኛው በዓይን የሚታይ ነው፤ ገደሉና አቀበቱ ምስክር ነውና። የመጀመሪያው ግን በጓዳ ስለሚፈጸም ካልተጠየቀ አይታወቅም። ባል ከገበያ እስኪመለስ፥ ዘመድ እስኪመክር ሲጠበቅ፥ ደም የሚፈሳት እናት ሕይወቷ ያልፋል።

2ኛ፤ እንዴት ይጠየቃል?

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያካሄደው በ1992 ዓ.ም. ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት በ645 የቆጠራ ቦታዎች፥ ከየቦታው 28 ቤተ ሰቦች በዕጣ ተመርጠው፥ 15,683 ሴቶችና 12,688 ወንዶች ቃላቸውን ሰጥተዋል። ባለ ትዳር ሴቶች ስለ ራሳቸው ሕክምና፥ ስለ ከፍተኛ የቤት ግዢ፥ ዘመድ ለመጠየቅ ስለ መሄድም የሚወስነው ማን እንደ ሆነ ተጠይቀዋል። መልሱም «እኔ»፥ «ባለቤቴ»፥ «በጋራ»፥ ወይም «ሌላ ሰው» ተብሎ ይመዘገባል።

3ኛ፤ መልሱ ምን ያስተምራል?

በ2003 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 10 ብቻ ነበሩ። በተቋም ያልወለዱት እናቶች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ፥ ከመቶ 61ዱ «አስፈላጊ አይደለም»፥ ከመቶ 30ው ደግሞ «ልማዳችን አይደለም» አሉ። ይህን ሳይጠይቅ የሚሠራ ሹም መንገድና ሕንፃ ብቻ ሠርቶ እናቶች ለምን እንዳልመጡ ይደነቃል። መልሱን የሰማ ግን ባልንና አማትን ጭምር ያስተምራል፤ መልካሙንም ልማድ ወደ ጤና ጣቢያ ያመጣል። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወላድ ገንፎ መገንፋቱና ቡና መፈላቱ ለዚህ ምሳሌ ነው። በተቋም የሚወለዱት በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 26፥ በ2011 ዓ.ም. ከመቶ 48 ደረሱ። ለዚህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካምና አምቡላንስ ድርሻ አላቸው። ሆኖም በዚያን ጊዜ እንኳ ከግማሽ የሚበልጡት ሕፃናት የተወለዱት ከተቋም ውጭ ነበር።

4ኛ፤ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው?

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ጥናት የሚጠቅመው መልሱ እውነት ሲሆን ነው። ብዙ ሰው ጠያቂውን ደስ ለማሰኘት «በጋራ እንወስናለን» ይላል። ሚስትም ባሏ ባለበት የምትሰጠው መልስ ለብቻዋ ከምትሰጠው ሊለይ ይችላል። ስለዚህ፦

ሀ/ ጠያቂዋ ሴቲቱን ለብቻዋ ላነጋግር ስትል አትከልክሉ።
ለ/ ያለውን ተናገሩ እንጂ ሊሆን የሚገባውን አትናገሩ።
ሐ/ የመላሹ ስም በሪፖርት እንደማይወጣ፥ መመለስ ያልፈለገም እንደማይገደድ ለጎረቤት አስረዱ።

መምህራን ሆይ፤ ተማሪዎቻችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «በቤታችሁ በሌሊት ሰው ቢታመም ‹እንሂድ› የሚለው ማን ነው? እርሱ ባይኖርስ ማን ይወስናል?» ተማሪው ጥያቄውን ወደ ቤቱ ይውሰደው፤ ቤተ ሰቡም ይምከርበት። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ሁሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ምጥ ከመምጣቱ አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል።