ክረምቱን ከበረንዳዎ ወፍ ይመልከቱ

ወፍ ለማየት ሰማዩ እስኪጠራ፣ ጥቅምት እስኪገባ የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ከሰኔ እስከ መስቀል ያለውን ጊዜ ነው። ሣሩ የሚያድገው፣ ብዙዎቹም ወፎች ጎጆ የሚሠሩት ያኔ ነው። ገርጂም ይኑሩ ሰሚት፣ አያትም ሆነ ቦሌ አራብሳ፣ ከቤትዎ ሳይርቁ መጀመር ይችላሉ።

ደረጃ 1፦ ማለዳ ይነሡ። የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ይሻላል። ፀሐይን ከጀርባዎ ያድርጉ።

ደረጃ 2፦ ያለ ባይኖኩላር ከሚታዩት ትልልቆቹ ይጀምሩ። ምንቃሩ የወፈረ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ቁራ አለ። ጋጋኖ በመንጋ እየጮኸች ታልፋለች፤ ስታርፍ ረጅም ቆልማማ ምንቃሯን እርጥብ ሣር ውስጥ እየሰካች ትል ትፈልጋለች። ኮንዶሚኒየሙ ጠርዝ ላይ የምታርፈውን ግራጫ እርግብ ደግሞ ከኋላ ይዩአት፤ ነጭ አንገትጌ አላት። ሦስቱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ እምብዛም አይገኙም። የውጭ አገር ወፍ ተመልካች ባሕር ተሻግሮ የሚመጣላቸው ናቸው።

ደረጃ 3፦ ሣሩን ይከታተሉ፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ከጎሮ ወይም ከአያት ወዲያ ግንባታ ያልተጀመረበት ሣራማ ቦታ ወይም የማሳ ዳር ይምረጡና ያንኑ ደጋግመው ይዩ። ክረምቱ ሲጠና መላ አካሉ ጥቁር፣ ትከሻውና ከጅራቱ በላይ ያለው ጀርባው ግን ደማቅ ቢጫ የሆነ ትንሽ ወፍ አገዳ ጫፍ ላይ ብቅ ይላል። የጀርባውን ላባ እንደ ተነደፈ ጥጥ ነፍቶ ይበራል፤ ሌላ ወንድ ሲቀርብ ያባርራል። አጠገቡ ያሉትን ቡናማ ዝንጉርጉር ወፎች ድንቢጥ ናቸው ብለው አይለፏቸው፤ ሴቶቹ ናቸው። እንደ መስቀል ወፍ ታይቶ የሚጠፋ የሚመስለን ይህ ወንድ የትም አይሄድም። በበጋ ላባውን ለውጦ ሴቶቹን ስለሚመስል ነው የማንለየው። በኅዳር እዚያው ተመልሰው ይፈልጉት።

ደረጃ 4፦ ጎጆ ካገኙ ራቅ ብለው ይዩ። ወፎቹ ሲያዩዎ መጮህ ከጀመሩ በጣም ቀርበዋል ማለት ነው። ለፎቶ ብለው ቅርንጫፍ አይቁረጡ፤ ጫጩቶቹ ለዝናብና ለቁራ ይጋለጣሉ።

ደረጃ 5፦ ትራፊ አይበትኑ፤ ጭልፊትና ቁራ ይሰበስባል። ቦሌ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ የሚበርበት ሰፈር ነው፤ ወፍ ከሞተር ጋር ከተጋጨ አደጋው ለመንገደኛም ይተርፋል። ይልቅ እሬትና ሌላ የአበባ ተክል ይትከሉ። በተከዜ ስም የተሰየመው አበባ ቀሳሚ ወፍ ይመጣል፤ ጥላ ውስጥ ጥቁር የሚመስለው ወንዱ ፀሐይ ሲነካው ወይን ጠጅ ሆኖ ያብረቀርቃል።

ባይኖኩላር ከያዙ ወደ አየር ማረፊያው አጥር፣ ወደ ካምፕ ወይም ወደ ጎረቤት መስኮት አያዙሩ።

ደረጃ 6፦ ይጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ወፉ ምን ሲያደርግ እንደነበር ይመዝግቡ። ስሙን ካላወቁት የምንቃሩን ቅርጽ፣ የጅራቱን ርዝመትና ነጭ ወይም ቢጫ ያለበትን ቦታ ይሣሉ። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ወፍ የሚያውቁ ሰዎች አሉት፤ ሥዕልዎን ይዘው ይጠይቋቸው።